ከኮረኮንቹ እስከ ደጃችን

የዛሬ ጥቂት ዓመት በጳጉሜን፣ አንድ የከብት ነጋዴ ሰሜን ሸዋ፣ ሞረትና ጅሩ ወዳለው የእናቴ ቤት መጣ። ለእንቁጣጣሽ ገበያ የሚሆን ሰንጋ ፈልጎ ነው። የጅሩ ሰንጋ ምን እንደሆነ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም። ሁለቱ በሬዎች ከቀንበር ከተለያዩ ወራት አልፏቸው፣ በረት ውስጥ በጓያ ክክና በምስር ገለባ ተቀልበው፣ ጀርባቸው ጠፍጣፋ ሆኖ ነበር።

ነጋዴው ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ በእግሩ ነው የደረሰው። በረቱ በር ላይ ቆመና የበሬዎቹን ሽንጥ ዳበሰ፤ ሻኛቸውን ጨበጠ፤ ጅራታቸው ሥር ያለውን ሥጋ በጣቱ ጫን ጫን አደረገ። ፊቱ ላይ ቅሬታ አልነበረም። ከዚያ ዞረና የመጣበትን መንገድ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ዋጋ የጠራው ያን ጊዜ ነው።

"ምነው ልጄ፣ ማዶ ያሉት ባለፈው ሳምንት የሸጡት በዚህ ዋጋ ነው እንዴ?" አለችው እናቴ።

"እማማ፣ እነሱ ደጅ አይሱዙ ይገባል። የእርስዎን በሬዎች እስከ ኮረኮንቹ በዚህ ጭቃ ልነዳቸው ነው። አንዱ ቢንሸራተትና እግሩን ቢሰብር ኪሳራው የእኔ ነው" አላት፤ እንደ ሰው ልጅ አክብሮ፣ ግን ፈቀቅ ሳይል።

በሬዎቹ ተሸጡ። እናቴ ገንዘቧን ቆጥራ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና "ክረምት ነው፤ ምን ይደረግ" ብላ ወደ ማጀቷ ገባች። እኔ ግን እረፍት አጣሁ። ያ ነጋዴ አላታለለንም፤ መንገዳችንን ነው የተመነው። ከእያንዳንዱ በሬ ላይ ብዙ ሺህ ብር ሲቀንስ የበሬው ጉድለት አልነበረም የታየው። እንዲህ እያልኩ ወደ ኋላ ማሰላሰል ጀመርኩ። ማዳበሪያው ከኮረኮንቹ እስከ ቤት በአህያ ሲመላለስ የሚከፈለው፣ ስንዴው ዋጋ በሚያወጣበት በነሐሴ ከጎተራ ሳይወጣ የሚቀረው፣ የታመመ ሰው በቃሬዛ ሲወጣ ከእርሻ የሚቀረው የጎረምሳ ጉልበት፣ ሁሉም ከዚያው ከግማሽ ኪሎ ሜትር ከማይሞላ መንገድ ላይ የሚሰበሰብ ግብር ነው። ቤተሰባችን ይህን ግብር እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ሲከፍል ኖሯል፤ ደረሰኝ ስለሌለው ግን ማንም ቆጥሮት አያውቅም።

መንግሥት በ2003 ዓ.ም. የጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ ለማገናኘት ያለመ ነበር። የእኛም ኮረኮንች የዚያ ዘመን ሥራ ነው፤ ቢቆራረጥም ያስኬዳል። ቀበሌው ከወረዳው ተገናኘ። ከቀበሌው መንገድ እስከ ሰው ደጅ ያለችው ቁራጭ ግን በማንም ዕቅድ ውስጥ የለችም። የቤተሰብ እንዳትባል አራት ቤተሰብ ይሄድባታል፤ የሕዝብ እንዳትባል በጀት የላትም።

ድንጋይ የበላ መሬት

መንገዷን ለማዳን ቀደም ሲል የተደረገ ነገር አልነበረም ማለት አይደለም። ሪያድ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ፣ ከነጋዴው መምጣት በፊት በነበሩት ዓመታት ገንዘብ ልኮ ከካባ ድንጋይና ጠጠር በሲኖትራክ ተጭኖ መጥቶ ነበር። በበጋ ፈሰሰ፣ በአካፋ ተበተነ፣ መኪና ተመላለሰበት። ለፋሲካ የመጣ እንግዳ ሁሉ መንገዱን አመሰገነ። ክረምቱ ሲወጣ ግን እዚህም እዚያም አንዳንድ ድንጋይ ብቅ ብሎ ከመታየቱ በቀር ጠጠሩ የለም። ወንድሜ ተሰርቋል ብሎ ጠረጠረ። ደግሞም ላከ። እሱም ጠፋ።

አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ዱላውን ተደግፎ ሁለተኛው ጭነት ሲራገፍ እያየ "ለዋልካ ድንጋይ እያበላችሁ ነው" ብሎ ነበር። ሁላችንም ስቀን አለፍነው። ሽማግሌ ሲናገር መሳቅ ቀላል ነው።

ነጋዴው ከመጣ በኋላ በነበረው ጥር ወር፣ መሬቱ ደርቆ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ በተሞላበት ጊዜ፣ ዶማ ይዤ መንገዱ መሃል ጉድጓድ ቆፈርኩ። የወንድሜ ድንጋይ አልተሰረቀም። ከክርን በላይ በሚሆን ጥልቀት ላይ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይነካካ፣ እያንዳንዱ ድንጋይ ለብቻው በጥቁር ጭቃ ተጠፍጥፎ ተቀብሮ አገኘሁት። አንዱን ነቅዬ ሳወጣው የተቀመጠበት ጎድጓዳ እንደ ቅርጽ ማውጫ ለስልሶ ቀረ።

የሆነው ግልጽ ነው። ይህ ጥቁር አፈር፣ አጎቴ ዋልካ ያለው፣ የግብርና ባለሙያዎች የመረሬ አፈር የሚሉት፣ በአገራችን ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ይሸፍናል። ሸክላው ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። በበጋ መኪና ቢመላለስበት ከድንጋይ አይተናነስም። ከጠገበ በኋላ ግን ከላይ ጎማ ሲጫነው ድንጋዩ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ጭቃው በድንጋዩ መካከል ወደ ላይ ይወጣል። ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። በበጋ ደግሞ ስንጥቁ ከላይ የቀረውን ጠጠር ይውጣል። የከተማ ተቋራጮች እንዲህ ያለ መሬት ሲገጥማቸው ጥቁሩን አፈር ቆርጠው አውጥተው በሌላ ይተኩታል፤ ወይም ከሥር ድንጋዩን ከጭቃው የሚለይ ጨርቅ መሰል ነገር ያነጥፋሉ። ለአስፋልት የሚያዋጣ ለአራት ገበሬ ደጅ አያዋጣም።

ስለዚህ ጥር ላይ የያዝኩት መልስ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነበር፤ መሬቱ እንዲህ ነው፣ እኛም የሰፈርነው እዚህ ነው። ይህን ይዤ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ሐምሌ መጨረሻ፣ ማሳው ዳር

ሐሳቤን የቀየረው መንገዱ ላይ የሆነ ነገር አይደለም። ማሳ ላይ ነው።

በወረዳችን ከተማ በእነዋሪ አካባቢ ያደገ ሰው የማጠንፈፍ ሥራን ያውቀዋል። ከባሕር ወለል ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ያ ሜዳ ዝናቡን የሚቀበለው በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ አፈሩ ደግሞ ውሃ ወደ ውስጥ አያሳልፍም። ስንዴም ሆነ ምስር እግሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ ይበሰብሳል። ስለዚህ ዘሩ ከተበተነ በኋላ በሬ ማሳውን በትልም ይከፍለዋል፤ ሴቶችና ልጆች ከኋላ ጎንበስ ብለው ከትልሙ ውስጥ ያለውን ጭቃ በእጃቸው እየዛቁ ወደ ጎንና ጎን መደብ ላይ ያወጡታል። ሰብሉ መደቡ ላይ ይበቅላል፣ ውሃው በትልሙ ይወጣል። በ1980ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የዛሬው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም ቀዳሚ የነበረው የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል ባለሙያዎች ከአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ጋር ይህንኑ ሥራ የሚያቃልል፣ ሁለት ማረሻ አጣምሮ 80 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው መደብ የሚያወጣ መሣሪያ ሠርተዋል፤ እነዋሪም ከሥራ ቦታዎቻቸው አንዱ ነበር። የእጁ ሥራ ግን ከመሣሪያው በፊት ነበር፣ ከመሣሪያው በኋላም አለ።

የዚያን ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ለእረፍት ሄጄ ከመንገዱ በላይ ባለው ማሳ ዳር ቆሜአለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ከልጆቿ ጋር ትዝቃለች። እጇ እስከ ክርኗ ጥቁር ነው። ጣቶቿን ገጥማ፣ መዳፏን አስግጋ ጭቃውን ከትልሙ ሥር ስትገፋው፣ ወለሉ ጠረግ ብሎ ይቀራል፤ እጇ ገና ከመነሳቱ ውሃ ቦታውን ይሞላዋል። መጀመሪያ ቆሞ ይቆያል። ከዚያ ቀጣዩ ግድብ ሲጠረግ ይንቀሳቀሳል። ባለፈው ዓመት ከተወቃ ጤፍ የቀረች አንዲት ጭድ እየዋኘች መሄድ ስትጀምር አየኋትና ያለ ምንም ምክንያት ተከተልኳት። የሚሠራ ሰው መካከል ሥራ የፈታ ሰው የሚያደርገው እንዲህ ነው።

ጭዷ ትልሙን ይዛ ወረደች። ማሳው ጫፍ ላይ ካለችው ተሻጋሪ ፈሰስ ውስጥ ገባች። እዚያ ከሌላ ትልም የመጣ ውሃ ጎተታት፤ ፍጥነቷ ጨመረ። ጠርዙ ላይ ትንሽ ተሽከረከረችና ወረደች፤ የወረደችው መንገዳችን ላይ ነው። እዚያ መኪና ያወጣው የጎማ ዱካ ተቀበላትና ይዟት ሄደ።

ቀና ብዬ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ተመለከትኩ። ከላይ ያለው የእትዬ ማሳ ፈሰስ አፉ ወደ መንገዱ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው የአጎቴ ማሳ አፉ ወደ መንገዱ ነው። የእናቴ የራሷ የምስር መሬት፣ የእርሷ እንኳን፣ አፉ ወደ መንገዱ ነው። ያ ሁሉ በእጅ የተዛቀ፣ በጥንቃቄ የተጠነፈፈ ውሃ ተሰብስቦ የሚሄድበት አንድ ቦታ ነበር፤ ሰው የሚሄድበት።

ለዓመታት "መንገዱ ተረሳ፣ ባለቤት አጣ" ስንል ኖረናል። መንገዱ አልተረሳም። ሥራ ላይ ነበር። የአራት ቤተሰብ ማሳ ዋና ቦይ ሆኖ በየክረምቱ ያለ ዕረፍት ያገለግል ነበር። ማሳዎቹ በየዓመቱ መደብ ይወጣላቸዋል፤ መንገዱ በሰኮናና በጎማ እየተቦካ፣ ጭቃው በጎርፍ እየታጠበ፣ በየዓመቱ ዝቅ ይላል። አካባቢው ላይ ካለው መሬት ሁሉ ዝቅተኛው እሱ ሆኗል። ቦይ ውስጥ ድንጋይ ብትጨምርበት ቦይነቱን አይተውም። ወንድሜ የላከው ገንዘብ በሙሉ ቦይ ንጣፍ ሆኖ ነው የቀረው።

ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ይባላል። ሥሩን ሳገኘው ግን ደስታ አልተሰማኝም። እስከዚያ ድረስ የነበረኝ ጠብ ከጭቃ ጋር ነው፤ ጭቃ አይከራከርም። አሁን መንገዱን አደርቃለሁ ማለት የጎረቤቶቼን ውሃ መውጫ እዘጋለሁ ማለት ሆነ። እትዬ ከጎኔ ሆና ወገቧን ይዛ ቀና አለችና "ምን ጠፋህ?" አለችኝ። ምንም አላልኳትም። እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ የሆነች ሴት ፊት ቆሜ "ውሃሽን ከመንገዳችን ላይ አንሺ" የምልበት አፍ አልነበረኝም።

"ውሃዬን ወዴት ልውሰድ?"

ነገሩ የተነሳው መስከረም ላይ፣ ከቅዳሴ መልስ አጎቴ ግቢ ጠላ ይዘን ስንቀመጥ ነው። ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ የመራው ግን አጎቴ ነው፤ የእኔ ድምፅ በዚያ ጉዳይ ከከተማ የመጣ ድምፅ ስለሆነ።

ከላይ ያሉት ሰዎች ጥያቄ እንደጠበቅኩት ነበር። እትዬ "እሺ፣ መንገዱ ይድረቅ። ውሃዬን ወዴት ልውሰድ? የእናንተ መኪና እንዲገባ የእኔ ስንዴ ይጥለቅ?" አለች። ለዚህ መልስ ነበረን። ከመንገዱ በላይኛው ጎን ቦይ ይወጣል፤ የማሳዎቹ ፈሰስ ሁሉ አፉ ወደ ቦዩ ይሆናል፤ ቦዩ ዝቅ ካለው ቦታ ሲደርስ በሲሚንቶ ቱቦ መንገዱን በሥር ያቋርጣል።

ያልጠበቅኩት ከመንገዱ በታች ካለው ጎረቤታችን የመጣው ነው። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሌላው ሁሉ ተስማምቶ ሲያበቃ ነው የተናገረው። "እስከ ዛሬ ውሃው በመንገዱ ርዝመት ሁሉ ተበትኖ እየተንጠባጠበ ነው የሚመጣብኝ። እናንተ አሁን ሰብስባችሁ በአንድ አፍ ልትለቁብኝ ነው። በሦስት ክረምት ውስጥ ቦረቦር ትሠሩልኛላችሁ" አለ። ማንም መልስ አልሰጠም፤ ሰውየው ትክክል ነበር። ከእኛ ሜዳ ጫፍ ወደ ጀማ ወንዝ ገደል የሚወርዱት ቦረቦሮች ብዙዎቹ እንዲህ ባለ አንድ አፍ ነው የተጀመሩት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፤ መጀመሪያ አንድ ስንዝር ጉድጓድ፣ በሚቀጥለው ዓመት ጥጃ የሚገባበት፣ ከዚያ በሬ የማይሻገረው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። መንገድ የሚሠሩ ሰዎች ውሃን ሰብስበው በአንድ ቱቦ ማሳለፍ ይወዳሉ፤ ቱቦ ገንዘብ ስለሆነ አንድ ከሆነ ይረክሳል። የሚተርፈው ወጪ ግን አይጠፋም፤ ከቱቦው በታች ወዳለው ሰው ይሻገራል። የገጠር መንገድ በአገራችን ብዙ ጠብ ያስነሳው በዚህ ይመስለኛል። መንገድን መጠገን የሚባለው ነገር ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውሃው ማን ላይ ይውደቅ የሚለውን መወሰን ነው፤ ቀሪው አካፋ ነው።

ትግራይ ውስጥ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የተሳተፉበት ሥራ ከመንገድ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ኩሬ፣ ወደ ጉድጓድና ወደ ማሳ በመምራት እንደ ሀብት እንደሚጠቀምበት ማንበቤን ትዝ አለኝና ተናገርኩ። እዚያ ውሃው ስለሚያንስ ነው፤ እኛ ጋ በነሐሴ የተረፈን ነገር ቢኖር ውሃ ነው። አጎቴ ግን ቶሎ ብሎ "በታኅሣሥስ?" አለ። እውነቱን ነው። ታኅሣሥ ላይ ከብቶቻችን ውሃ ፍለጋ ሩቅ ይነዳሉ። የሚቀለብ ሰንጋ ደግሞ በተነዳ ቁጥር ይከሳል።

ስምምነቱ በዚያ በኩል ተገኘ። ውሃው በሁለት ቦታ ይከፈላል፤ የሚበዛው ከታች ባለው ጎረቤታችን ድንበር ላይ በሚቆፈር ኩሬ ውስጥ ይገባል። የመረሬ አፈር ውሃ አያሳልፍም ብዬ አይደል? መንገድ ላይ የሚያሰቃየን ጠባዩ ኩሬ ላይ ሲሚንቶ ያስቀረልናል። ኩሬው ሲሞላ የሚተርፈው ሣር በተተከለበት ሰፊ ማፍሰሻ ላይ ተዘርግቶ ይወጣል። ከኩሬው የሚወጣው አፈር ደግሞ መንገዱን ከፍ ለማድረግ ይውላል። ዝምተኛው ጎረቤታችን ኩሬው በእሱ በኩል ስለሚሆን በሬዎቹን መጀመሪያ የሚያጠጣው እሱ ነው። ይህንንም ሳይናገር አላለፈም።

ጥቅምት ላይ የተያዘ ሥራ

በመረሬ አፈር ላይ የሚሠራበት ጊዜ ጠባብ ነው። ነሐሴ ላይ አካፋው ራሱ አይላቀቅም። የካቲት ላይ አፈሩ ጓል ነው፤ ብትከምረው ብትደለድለው አይያያዝም፣ የመጀመሪያው ዝናብ ይበትነዋል። አጎቴ ጥቅምት ላይ እፍኝ አፈር አንስቶ ጨበጠውና ከፈተው፤ እጁ ላይ ሳይለጠፍ ቅርጹን ይዞ ቀረ። "አሁን" አለ። አጨዳ እስኪደርስ የነበረችው ጊዜ ናት።

ደቦ ተጠራ። ገመድ ተወጠረ፣ የመንገዱ ስፋት 3 ሜትር ሆነ። በገመዱ ግራና ቀኝ በሬ ተጠምዶ ትልም ወጣ፤ አፈሩ ወደ መሃል ተዛቀ። ያ ማሳ ላይ የሚሠራው መደብ ነው፤ ስፋቱ ብቻ ነው የተለየው። ሰው ሁሉ ሥራውን ያውቀዋል፤ ማንም ማስተማር አላስፈለገውም። እንዲያውም ከመሐንዲስ ዘመዳችን በስልክ የጠየቅኩት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ መሃሉ ከጠርዙ ምን ያህል ይብለጥ? ለጠጠርና ለአፈር መንገድ ከ4 እስከ 6 በመቶ ተዳፋት ወደ ሁለቱም ጎን ያስፈልጋል አለኝ። በ3 ሜትር መንገድ ላይ መሃሉ ከጠርዙ ከ6 እስከ 9 ሴንቲሜትር ይበልጣል ማለት ነው፤ ከእጅ መዳፍ ስፋት ብዙ አይርቅም። የቦዩ ወለል ደግሞ ከመንገዱ ጠርዝ በታች ከ30 ሴንቲሜትር ያላነሰ እንዲሆን አደረግን፤ ውሃው ቦዩ ውስጥ ቢቆም እንኳን የመንገዱን ሆድ እንዳያርሰው።

በዓይን ልክ ግን ብዙ አልተማመንንም። ግንበኛ ጎረምሳ ውሃ ልክ ይዞ መጥቶ ነበርና፣ ረጅም ጣውላ ላይ አስቀምጦ ሲለካ ለእኛ ጉብ ያለ የመሰለን ቦታ ጎድጎድ ብሎ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በባልዲ ተፈተነ። መሃሉ ላይ ውሃ ይደፋል፤ ውሃው ወዲያው ወደ ጎን ካልሄደ፣ ወደ ፊት ከሄደ፣ ወይም ከቆመ ያ ቦታ እንደገና ይሞላል። ልጆቹ ይህን ሥራ ወደዱት፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው።

መኪና ሲዞርበት የሚሰምጠው ከበሩ አጠገብ ያለው ቁራጭ ብቻ ነው ድንጋይ የተደረገለት። ድንጋዩ አልተደፋም፤ ትልልቁ ጥቁር ድንጋይ በጠርዙ ቆሞ፣ አንዱ ከአንዱ ተጣብቆ ተደረደረ፣ ክፍተቱ በትንንሽ ድንጋይ ተሰገሰገ፣ ከላይ ገረጋንቲ ለበሰ። ጎማው የሚጫነው ድንጋይ ጎረቤቱን ስለሚገፋ ብቻውን አይሰምጥም። ክብ የወንዝ ጠጠር ለዚህ አይሆንም፤ ይንከባለላል። ስለታም ጠርዝ ያለውና ትንሽ ሸክላ የተቀላቀለበት ገረጋንቲ ይሻላል፤ እርስ በርሱ ተናክሶ ይይዛል። የድንጋዩ ብዛት ወንድሜ መጀመሪያ ካስጫነው በጣም ያነሰ ነበር።

ከብት መንዳቱን አጎቴ ነው ያዘዘው። ሮለር የለንም፤ ስለዚህ ሰፈሩ ውስጥ ያለ ከብት ሁሉ ጠዋትና ማታ በአዲሱ መንገድ እንዲመላለስ ተደረገ። ከጭቃ ጊዜ በስተቀር ሰኮና አፈርን እንደሚጠቀጥቅ የአውድማ ሥራ ያየ ሰው ያውቃል።

አካፋው በር ላይ ይቀመጣል

አሁን ስለ ጥገናው። ጥገና የሚባለው ነገር ለጽሑፍ አይመችም፤ ትንንሽና ተደጋጋሚ ነው። የቦዩ አፍ ግንቦት ላይ ይጠረጋል። ክረምት ከገባ በኋላ ከባድ ዝናብ ጋብ እንዳለ አንድ ሰው አካፋ ይዞ መንገዱን ከላይ እስከ ታች ይሄዳል። የሚፈልገው ውሃ የቆመበትን ቦታ ነው። ጎማ ወይም ሰኮና ያወጣት ትንሽ ጎድጓዳ ያን ቀን በአንድ አካፋ ትዘጋለች፤ ከሳምንት በኋላ ገንዳ ትሆናለች። አካፋው ስለዚህ ከበሩ ጀርባ ነው የሚቀመጠው። ጓዳ ከገባ ማንም አያወጣውም።

ከሁሉ የከበደው ግን በሩን መዝጋት ነው። መሬቱ ሲጠግብ ከባድ መኪና አይገባም ብለን ተስማማን፤ ሁለት ፀሐያማ ቀን ካለፈ በኋላ ይገባል። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሠርግ ያለው ሰው ድንኳንና ወንበር የጫነ መኪና ይዞ ሲመጣ ማን ይመልሰዋል? እናቴ መለሰችው። ሰውየው ተቀይሞ ዕቃውን በሰው አስጭኖ ወሰደ፣ ለሠርጉም ጠራን። አንድ ጭነት መኪና በጠገበ መረሬ ላይ በአንድ ቀን የሚያወጣው የጎማ ዱካ የደቦ ሥራን ያፈርሳል፤ ይህን እናቴ ከሁላችንም በተሻለ ገብቷታል፤ በሁለት ክረምት ውስጥ የመንገዱ ጭቃ ሹም ሆናለች።

ባሕር ዛፉ ላይ ግን አልተስማማንም። በመንገዱ ዳር ያሉት ዛፎች በበጋ እርጥበቱን መጥጠው ስንጥቁን ያሰፉታል፤ በክረምት ደግሞ ጥላቸው መንገዱን አያደርቅም። እኔ ይቆረጡ ባይ ነኝ። ለእናቴ ግን ባንኳ ባሕር ዛፉ ነው፤ ለልጅ ትምህርትም ለቤት ክዳንም የሚሸጠው እሱ ነው። ዛፎቹ አሉ። እዚያ ጋ ያለው የመንገዱ ክፍል ከሌላው ይብሳል፤ እናቴ ግን አልባሰም ትላለች።

አሁን ያለው ራስ ምታት ሌላ ነው። ባለፈው ዓመት የእትዬ ልጅ አገባና ከመንገዱ በላይ፣ ከቱቦው ጥቂት ከፍ ብሎ ጥሩ የቆርቆሮ ቤት ሠራ። ሣር ክዳን ውሃውን ቀስ እያለ ነው የሚለቀው፤ ቆርቆሮ አይዘገይም። ከጣራው በአንድ ጊዜ የሚወርደው ውሃ ቀጥታ ከቱቦው አፍ ላይ ይደርሳል፤ ነሐሴ ላይ ቱቦው አልቻለውም፤ ውሃው መንገዱን ዘሎ ገረጋንቲውን አጠበው። ቱቦው የተመረጠው ለማሳ ውሃ ነበር፤ ጣራ ይመጣል ብሎ ያሰበ የለም።

ወንድሜ ከሪያድ ደውሎ ኮብልስቶን እናንጥፍ ይላል። ኮብልስቶን ከሥሩ ካልተዘጋጀ በዚህ አፈር ላይ ተዛብቶ እንደሚነሳ በከተሞቻችን ሰፈሮች ውስጥ ያየነው ነው፤ ደግሞም የሚያጥበው ውሃ እዚያው አለ። የአጎቴ ልጅ ሰፋ ያለ ቱቦ ይግባ ባይ ነው። ያ ደግሞ ከታች ካለው ዝምተኛ ጎረቤታችን ጋር የተስማማነውን ሁሉ እንደገና ያስከፍታል፤ ሰውየው የሚለውን ከአሁኑ አውቀዋለሁ። የእኔ ሐሳብ ውሃው ከጣራው ሳይወርድ መያዝ አለበት ነው፤ አሸንዳ፣ ከአሸንዳው ወደ በርሜል፣ የበርሜሉ ትርፍ ወደ ጓሮው ጎመን።

ነገር ግን ገና ቤት የሠራ አዲስ ባለትዳርን "አሸንዳ ግዛ" ማለት ማን ይድፈር? እናቴ አጎቴ ይንገረው ትላለች። አጎቴ ደግሞ "የምን መንገር ነው፤ አሸንዳውን እኛው ገዝተን ለቤት ምርቃት ብለን እንውሰድለት" ይላል። ባለፈው ቅዳሜ እነዋሪ ገበያ ዋጋውን ጠየቅኩ። ከቱቦው ይረክሳል።